ከማዕድ የወረደ ተምር

በፈረንጆቹ 2009 ሞሮኮ ከኢራን ጋር የነበራትን ግንኙነት ስታቋርጥ እኔን ምን አገባኝ? የወሎ ልጅ ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ነገሩ ግን በስደት የምኖርበት ሰፈር ፉሩሴት፣ እኛ ሕንፃ ድረስ መጣ።

በረመዳን የሕንፃችን ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በጋራ አዳራሹ አብረን እናፈጥር ነበር። ተራ የምመድበው እኔ ነኝ፤ አታዳላም ብለው መርጠውኝ። ተምሩ ሁልጊዜ የኢራናዊቷ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ እኩያዬ ናት፤ እህቷ ከሀገር ቤት የምትልክላትን ጥቁር ተምር ለዚያ ማዕድ ብላ ታስቀምጣለች። ሺዓ ስለሆነች ከእኛ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ነው የምታፈጥረው። እስከዚያ ተምሩን እየዞረች ታድለናለች። ሌላ የምትቀርብበት ማዕድ አልነበራትም።

በዚያ ዓመት ሞሮኳዊት ጎረቤታችን የራሷን ተምር ይዛ መጣች። ባለሱቁ ባሏ ኤምባሲ ተዘግቶ ንግድ የለም ብሎ የኢራን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዷል። እሷም የኢራን ተምር ካለበት ማዕድ አልቀርብም አለች።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አልኳት። «ኤምባሲ የዘጋችው እሷ ናት?»

«ሀገሬ የቆረጠችውን እኔ አልቀጥልም፣ ሐጃ» አለችኝ። መካ ሄጄ አላውቅም፤ ለዕድሜዬ ብላ ነው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ለማንም ሳላዳላ ልፍረድ ብዬ፣ የሁለቱም ይነሳ፣ በውሃ እናፈጥራለን አልኩና ሁለቱንም ትሪ በገዛ እጄ አወረድኩ። ሞሮኳዊቷ ደስ አላት፤ ምን ይጎድልባታል፣ ተምር በተምር የሆነ ሱቅ አላት።

ኢራናዊቷ ትሪዋን በጨርቅ ሸፈነች።

«ገፊዋንና ተገፊዋን እኩል መዘንሽ» አለችኝና ወጣች።

አልተከተልኳትም። ትክክል የፈረድኩ መስሎኝ ሆዴ ሞልቶ ነበር፤ ዛሬም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ሃውገንስቱዋ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ቤት ቀየረች።

ከዓመታት በኋላ ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው አምባሳደር ተላላኩ ሲባል ሰማሁ። በማግስቱ በባቡር ሄጄ በሯን ደወልኩ። ከፈተችልኝ፤ ሰላምታዬንም መለሰች፤ ግቢ ግን አላለችኝም። በደሌን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አሁን ተፈቀደ?» አለችና በሩን ዘጋችው።