ቦራ ውጧል

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ የማስተምርባትን የመሐል ሜዳ ከተማን ቆርቆሮ መደብደብ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ሹራቡ ውስጥ ቡችላ ደብቆ ክፍል ገባ። ቡችላውን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ የረጠበ የበግ ጠጉር፣ የወተት፣ የአመድና የትንሽ ውሻ ሆድ ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ለአፍታ ቀየት ከተባለችው ቦታ አጠገብ ባለው የልጅነት ቤታችን፣ መደቡ ላይ፣ ባና ስር ተኝቼ ነበር፤ ከግድግዳው በኩል ወንድሜ ሙሌ፣ በመሐላችን ደግሞ ቦራ።

መምህር ነኝና ከሥሩ ልጀምር። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ውርጭ የገብስ ማሳ በሚያነጣበት አገራችን ልጅ ያለ እሱ አያድርም። ቦራ ደግሞ ውሻችን ነበር። የተወለደው እኔ አሥር ዓመት፣ ሙሌ ሦስት ዓመት በሆነን ክረምት ነው። በጎቻችንን የምትጠብቀው ውሻ አራት ወልዳ ሦስቱን ጎረቤቶች ወሰዷቸውና ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀረልን፤ ለዚህም ነው ቦራ ያልነው። ያን ክረምት ጭቃውና ጉሙ ከቤት ስለማያስወጣ ሙሌ በረንዳው ላይ ቡችላውን አንገቱን አቅፎ ሲጎትት ይውል ነበር፣ የያዘውን ቂጣም አንዴ እሱ አንዴ ቦራ እየገመጡ ይጨርሱት ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ከውሻ አፍ ትበላለህ?» ትለው ነበር እናቴ ከጓዳ ሆና።

«ቦራ አይነክስም» ይላት ነበር፤ እሷም ትስቅና ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር።

መስከረም ሲጠባ የእንስሳት ጤና ባለሙያው በጎቻችንን ሊከትብ በሞተር መጣ። ገና ወጣት ነበር፤ ሰፈሩ ግን ሁሉም «ዶክተር» ይለው ነበር። በዚያን ጊዜ አባቴ ለገና የሚቀልቡት አንድ ትልቅ ሙክት ነበራቸው፤ ያን ሳምንት ገብሱን ትቶ፣ አገጩ ስር አብጦ፣ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር። አባቴ የትል መድኃኒት ቢጠይቁ ባለሙያው የበጉ ክኒን እንዳለቀበትና በሌላ ጊዜ እንደሚያመጣ ነገራቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አይቻለሁ። ባለሙያው ግን ዐይኑ ሌላ ቦታ ነበር፤ ቦራ የሙሌን አፍ ሲልስ እያየ ነበር።

«ቡችላው መድኃኒት ወስዷል?» አለ።

አባቴ ሳቁ። «ውሻ ደግሞ የምን መድኃኒት አለው? ሲያመው ሣር ይበላል።»

ባለሙያው አልሳቀም። እኔ ቀረብ ብዬ ስለነበር ቁጢጥ ብሎ ለእኔ አስረዳኝ። እኛ ዘንድ ኮሶ የታወቀ ነው፤ ትልቅ ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ ኮሶ ሲታየው መድኃኒቱን ይጠጣል። የውሻ ትል ግን የውሻው ጉዳይ ነው ብለን ስለምናስብ ማንም አያነሣውም ነበር። እሱ እንዲህ አለኝ፦ ቡችላ ገና ከእናቱ ሆድ ወስፋት ይዞ ይወለዳል፤ የወስፋቱ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና አፈር ውስጥ ሰንብቶ ይበስላል፤ ልጅ አፈር የነካ እጁን ሲልስ እንቁላሉን አብሮ ይውጣል። «የሰው ሰውነት የዚያ ትል አገሩ አይደለም» አለኝ፤ «መንገድ እንደጠፋው ሰው ይዞራል። ጉበት ይገባል፣ ሳንባ ይገባል፣ አንዳንዴም ዐይን ይገባል።»

ከዚያ ሁለት ነጭ ክኒኖች በወረቀት ጠቅልሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሁለቱንም እስኪውጥ ቤት አታስገቡት። ዓይነ ምድሩን ቅበሪው። የልጁን እጅ ቶሎ ቶሎ እጠቢለት። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

መድኃኒት በልጅ እጅ አይቆይም፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ ነገር የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። ስለዚህ ሄጄ ለአባቴ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። የኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ማታ እራት ስንበላ ጠየቅኋቸው። «አባዬ፣ ቦራ ዋጠ?»

«ውጧል። በእንጎቻ ጠቅልዬ ጣል ሳደርግለት ላፍ አድርጎ ዋጠው።»

ይቺን እንጎቻ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። «ውጧል» ብቻ ቢሉኝ ምናልባት እጠራጠር ነበር። እንጎቻዋ ግን ዐይኔ ላይ መጣች፤ ቦራ ላፍ ሲያደርጋትም ያየሁ መሰለኝ።

መስከረምን በሥርዓት አሳለፍኩት። ከበሩ ጀርባ በከሰል ዝርዝር ጻፍኩ፤ ዓይነ ምድር፣ እጅ፣ ክኒን፣ በመጨረሻም «ቦራ ቤት አይገባም»። በየቀኑ በአካፋ እየዛቅኩ ከጓሮ እቀብር ነበር፣ ሙሌንም እያለቀሰ በሳሙና አጥበው ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሞላ እንደገና ጠየቅኩ።

«ውጧል አልኩሽ እኮ! ይቺ ልጅ እኔ ሳላውቅ ዶክተር ሆናለች» አሉና ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። አባቴ መዳበስ የሚወዱ ሰው ስላልነበሩ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከዚያ ከሰሉን አንሥቼ «ቦራ ቤት አይገባም» የሚለውን ሰረዝኩት።

በኅዳር ውርጩ መጣ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር፣ እንስራ ውስጥ ያለው ውሃም ጣት ይቆርጥ ነበር። ቦራ በር ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲያላዝን በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። መደቡ ላይ አወጣሁት፣ ባናውን ገለጥኩለት፣ ሙሌም ሆዱ ላይ አስተኛው። ቡችላው በቤቱ ጥግ አፈር ላይ ሲጸዳዳ እናቴ አመድ ጣል ታደርግበት ነበር፤ ሙሌ እዚያው ጥግ በጠጠር ቤት እየሠራ ይጫወት ነበር። እኔም መቅበሩን ተውኩት፤ ውሃው ስለሚበርድ እጁንም አንዳንድ ቀን ሳላጥበው እቀር ነበር። ቦራ ንጹሕ ነዋ! መድኃኒቱን ሁለቴ ውጧል። ሙክቱም በዚያው በመስከረም ድኖ፣ ወፍሮ፣ ለገና ገበያ ሄደ።

የበልግ ዝናብ ጠብ ማለት በጀመረበት ሰሞን ሙሌ ወተት ስሰጠው ጣሳውን ስቶ ከጎኑ ያለውን አየር መጨበጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የግራ ዐይኑ ወደ አፍንጫው ማዘንበል ጀመረ። እናቴ የሰው ዐይን ነው ብላ ጠበል አስጠመቀችው፤ ሁለት ሳምንት ጠብቀን ለውጥ ስናጣ አባቴ አዝለውት፣ እኔና እናቴ ተከትለን፣ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሄድን። ሐኪሙ የሙሌን ቀኝ ዐይን በመዳፉ ከደነው።

«መብራት ጠፋ» አለ ሙሌ። ከቀትር በፊት ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ፊቱ ላይ ያበራ ነበር።

ሐኪሙ በመሣሪያ ዐይኑን ብዙ ካየ በኋላ ዞር ብሎ «ቤታችሁ ቡችላ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ማንም ሳይቀድመኝ መለስኩ። «አለ፤ ግን መድኃኒት ውጧል። ሁለቴ!»

ሐኪሙ አባቴን አያቸው። «እርግጠኛ ነዎት?»

አባቴ ባርኔጣቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እሷ ናት የምትጠብቃቸው» አሉ።

ያን ጊዜ ይህ ውሸት መሆኑን አላወቅኩም። እውነት ነዋ፤ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ትሉ ከዐይኑ ኋላ ገብቶ ጠባሳ እንደተወ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ሌላኛው ዐይን ግን ደኅና እንደሆነ ሲያስረዳ እኔ በጣቴ ያላጠብኩባቸውን ቀናት እቆጥር ነበር። እቤት ስንመለስ እናቴ ልትመታኝ እጇን አንሥታ ተወችው። «እጠቢው አልተባልሽም? ካንቺ ጋር እየተኛ!» አለችኝ። አባቴ እዚያው ነበሩ። ሞፈራቸውን ይጠርቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። በሳምንቱ ቦራን ለአንድ የሞላሌ ሰው ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባጭሩ ልናገር። ሙሌ «አንድ ዐይና» እየተባለ አደገ፤ መልስ አያጣም ነበር። «ያንተን ፊት ለማየት አንዱም በዝቷል» ይላቸው ነበር። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ መንዳት ነበር ሕልሙ፤ ለመንጃ ፈቃድ ሲሄድ ዐይኑ ተመርምሮ ተመለሰና ከአባቴ ጋር ማረስ ያዘ። እኔ ደግሞ ልጆች እጃቸውን ሳይታጠቡ የማላስገባ መምህር ሆንኩ። ባልደረቦቼ ጥንቃቄ ይሉታል። ዕዳዬ ነበር።

ባለፈው ጥር የሙሌ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ድግሱ እኛ ቤት ነበር። ጎረቤቶች ተቀምጠው፣ ሙሌ ጠላ እየቀዳ ያሳልፍ ነበር፤ ርቀቱን በአንድ ዐይን መለካት ስለሚቸግረው ሁልጊዜ የማሰሮውን አፍ ብርጭቆው ላይ አስነክቶ ነው የሚቀዳው። ወሬው ስለ በግ ሆነ፤ አባቴም ሞቅ ብሏቸው ነበር።

«ያን ሙክቴን ታስታውሱት የለ? አገጩ ያበጠውን?»

«እንዴት ይረሳል!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ያ ዶክተር ተብዬ ለበጌ የለኝም ብሎ ለውሻ ክኒን ሰጥቶኝ አይሄድ መሰላችሁ! ለውሻ! በጌ ቆሞ እየሞተ! ሁለቱንም በጨው ለውሼ ለሙክቱ። በሳምንቱ እንደ ጠቦት ሲዘል አያችሁት!»

«አይ ብልሃት!» ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ ወጥ ያለበት ሳህን ይዤ ነበር። መሬት አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ቦራስ?»

«የቱ ቦራ?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ፤ ረስተውታል። ከዚያ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ሲደርቅ አየሁት።

እናቴ «የሺ፣ አሁን ሰው ፊት ነን» አለች ቶሎ ብላ። ምን እንደጠየቅኩ አልጠየቀችም። እሷም ታውቅ እንደነበር የገባኝ በዚህ ነው።

ሙሌ የማሰሮውን አፍ የሽማግሌው ብርጭቆ ላይ አስነክቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያፈስ ሞላውና ቀና አለ። «እንግዲህ ሙክቱ ድኗል» አለ።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

በማግስቱ ልሄድ ስል አባቴ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። «ውሻ ነዋ ልጄ» አሉኝ፤ «እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ያውቃል?» ብዙ አሰብኩበት። የወስፋቱን ነገር አላወቁም፤ ለማያውቅ ሰው ይቅር ይባላል። አንድ ነገር ግን ያውቁ ነበር፤ ቦራ ክኒኑን አለመዋጡን። እኔ በሩን ስከፍትለት ያውቁ ነበር። ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ፊት ያውቁ ነበር። እናቴ ስትጮህብኝ፣ ሞፈሩን ሲጠርቡም ያውቁ ነበር።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገር ቤት ሄድኩ። የሙሌ ልጅ መዳህ ጀምሯል፤ ለበጎቹም አዲስ ቡችላ መጥቷል። ከመሐል ሜዳ የእንስሳት ክሊኒክ ሁለት ክኒን ይዤ ነበር። አባቴ ክኒኖቹን ሲያዩ ገባቸው። ከመደቡ ተነሥተው መጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«አምጪው ልጄ፣ እኔ አስውጠዋለሁ።»

አርጅተዋል። መዳፌ ግን አልተፈታም።

«ይቀመጡ አባዬ፤ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

የቡችላውን አፍ ከፍቼ ክኒኑን ምላሱ መጨረሻ ላይ አደረግኩ፣ አፉን ገጥሜ ያዝኩት፣ ጉሮሮውን በጣቴ እየዳበስኩ ወደ ታች እስኪወርድ ጠበቅኩ፣ ከዚያም እንደገና ከፍቼ አየሁ። አባቴ እጃቸውን ቀስ ብለው ሲያወርዱ በጎን አየኋቸው። ሙሌ ልጁን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዋጠ?» አለኝ።

«ውጧል» አልኩት።

ያኔ ይህችን ቃል ከእሳት ዳር ሰምቼ በር ከፈትኩባት። ዛሬ በራሴ አፍ ብናገራትም፣ ሁለተኛው ክኒን ይቀራልና፣ ቡችላው ዝናብ እየዘነበ በረንዳ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ስር አደረ፤ ሙሌም በሩን ዘጋ። በአባቴና በእኔ መካከል ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው። አሁንም አባዬ እላቸዋለሁ፣ ሲገቡ እነሣላቸዋለሁ፣ ውሃም ሆነ እንጀራ በሁለት እጄ እሰጣቸዋለሁ። መድኃኒት ብቻ ነው የማልሰጣቸው።