ድግምት የተባለው የጃፓን ዘፈን

እስቲ ይህን ወረቀት እዩት።

«ኪራ ኪራ ሶራ ኖ ኡዌ፣ ሚና ዴ ሃሺሬ፤ ሃሺሬ፣ ሃሺሬ፣ ሃሺሬ።»

በጥቁር እስክሪፕቶ፣ በተስተካከለ ቁም ፊደል የተጻፈ ነው። አማርኛ አይደለም። ግዕዝም አይደለም። መጨረሻው ይደጋገማል። ከቃሉ በላይ ትንንሽ ቀስቶች አሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ላይ። ከሰባት ዓመት ልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ ይህን ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ምን እንደምትሉማ አውቃለሁ። የተባለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከሃኒ ጋር ይኖራሉ። አገር ቤት የቴሌ ኦፕሬተር ነበሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ከሮም ይሁን ከቦምቤይ የተጠራውን ስም እንደሰሙት በፊደል እየጻፉ መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። እዚህ ሲመጡ ግን ከገዛ የልጅ ልጃቸው ጋር መስመር ጠፋ። በአማርኛ ይጠይቋታል፤ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። «ኦኬ እማማ» ትልና ክፍሏ ትገባለች። እሳቸው ደግሞ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ሥራ የሚገቡ እናቶች ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን እያመጡ ይተዉላቸው ጀመር። ሄለንና ቤዛ የሚባሉት ሁለቱ ልጆች በዚህ ዓይነት ነው ከሃኒ ጋር የገጠሙት።

በሚሊኒየማችን ዋዜማ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት በጋ፣ ሦስቱ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ሦስት የጃፓን ዘፋኞች አገኙ። ባለ ቀለም ሪባን ያሰሩ፣ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ እጃቸውን እኩል የሚወዘውዙ ልጃገረዶች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ልጆቹ ዜማውን በአንድ ቀን ያዙት። ቃሉን ግን እንደ ማስቲካ እያላመጡ ይውጡታል። ተናኘወርቅ ከማጀት ሆነው ሲሰሙ ያ የኦፕሬተር ጆሯቸው አላስቀምጥ አላቸው።

«‹ሃሺ› አይደለም የምትለው፣ ‹ሃሺሬ› ነው። እስቲ ወደ ኋላ መልሺው!»

«እማማ፣ ዩ ኖው ጃፓኒዝ?» አለች ሃኒ።

«አላውቅም። አንቺስ ታውቂያለሽ? ስለዚህ እኩል ነን፤ ክፈቺው!»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ልጆቹ ይበልጧቸዋል። በአማርኛ እሳቸው ይበልጣሉ። በጃፓንኛ ግን አራቱም እኩል መሃይም ናቸው፤ ማንም ማንንም አያፍርም። ዘፈኑን እየሰሙ በፊደል ጻፉላቸው፤ እጅ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት ምልክት አደረጉላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ትምህርት ቤት «ሀ ሁ» ሲሉ ሁለት ዓመት ከርመው አንድ ቃል ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ሐምሌ ሳያልቅ ወረቀቱን ያንበለብሉት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚቀረጽ አንድ የእኛው ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለሚሊኒየሙ የልጆች ዝግጅት አሰናዳ። ስሙ «ቁርጥ እሱን» ነው። ልጁ እንደ ታዋቂ ዘፋኝ ለብሶ ይወጣል፣ ያንን ዘፋኝ ይመስላል፣ ይጨበጨብለታል። ተናኘወርቅ ለአዘጋጁ ለወንድሜነህ ደውለው የጃፓኖቹን ዘፈን ነገሩት።

«እትዬ፣ ለሚሊኒየማችን ጃፓን ምን ያደርግልናል? እስክስታ ይውረዱ እንጂ።»

«ዝግጅትህ ስሙ ማን ነው?»

«ቁርጥ እሱን።»

«የእኔዎቹም ቁርጥ እነሱን ናቸው። ሦስት ልጆች ብለህ መዝግብ።»

መዘገበ። ምን ያድርግ?

የሄለን እናት ስሂን ትባላለች። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ናት፤ ደከመኝ የማትል ሠራተኛ። ወረቀቱን ከልጇ ቦርሳ ያገኘችው ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ነው። አነበበችው። አንድም ቃል አልገባት። ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች። መኪና ጋብ ባለ ቁጥር ከኪሷ እያወጣች፣ የክፉ መንፈስ ስም ይገኝበት እንደሆነ ቃል በቃል ትመረምረዋለች። ሲጨንቃት ለማኅበር ጓደኛዋ አሳየቻት።

«እህቴ፣ ይሄማ የለየለት ድግምት ነው» አለች ጓደኛዋ። «መጨረሻውን አላየሽም? እየደጋገመ! ቀስቱስ? ቀስቱ ወደ ማን ቤት ነው የሚያመለክተው?»

ወረቀቱ ጠበል ውስጥ ተነከረ። ቀለሙ ሲለቅ ደግሞ «ይኸው፣ ለቀቃት!» ተባለ። ቀለም እርጥብ ሲነካው እንደሚለቅ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ለተናኘወርቅ ግን ማንም ምንም አላላቸውም። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰውን ከኋላው ገድለን ከፊቱ ጉንጩን እንስማለን። ስሂን ደውላ «እትዬ ተናኜ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሄለን አትመጣም» አለች፤ ዘጋች። የነገሩን ሥር ያወጣችው ሃኒ ናት።

«እማማ፣ ሄለን ኮል አደረገችኝ። ማሚዋ አንቺን ዊች ናት አለች።»

«ዊች ምንድን ነው?»

ሃኒ አማርኛው ጠፋባት። መጥረጊያ ላይ ወጥታ፣ ጣቶቿን አጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ አሳየቻቸው። ተናኘወርቅ ገባቸው፤ የጠበሉንና የቀስቱንም ወሬ አንድ በአንድ አወጣጧት። አላለቀሱም። «ለቅዳሜ ስንት ቀን ቀረ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ቀረጻው ቅዳሜ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የሃኒን ሲዲ ማጫወቻ በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ጋራዡ ከመሬት በታች ነው። መኪና በሚወርድበት ቁልቁለት ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። ስሂን ከገንዘብ መቀበያ ቡዟ መስታወት ኋላ ስታያቸው አማተበች።

«እትዬ ተናኜ! በመኪና መንገድ? ሰው ይገጭዎታል እኮ!»

«አንቺ ገጭተሽኝ የለ? ከዚህ በላይ ማን ይገጨኛል?»

«እኔ ምን አልኩዎ?»

«ምንም አላልሽኝም። የከፋው እሱ ነው።» እጃቸውን በመስኮቷ አስገብተው አዲስ የጻፉትን ወረቀት ሰጧት። «ያኛውን ጠበል ውስጥ ዘፈዘፍሽው አሉ። ይኸው ሌላ። አንብቢ።»

«እትዬ፣ መኪና ቆሟል…»

«ይቁም!»

ማጫወቻውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። የሦስቱ ጃፓኖች ድምፅ ከኮንክሪቱ ጋር እየተላጋ ጋራዡን ሞላው። ተናኘወርቅም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና ጀመሩ። ቀስቱ ቀኝ ሲል እጃቸው ወደ ቀኝ፣ ግራ ሲል ወደ ግራ። ወደ ላይ ሲል መዝለል ነበረባቸው፤ ጉልበታቸው አሻፈረኝ ቢላቸው ተረከዛቸውን ብቻ አነሡ። ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። አንድ የእኛ ሰው ከታክሲው አንገቱን አወጣ።

«እናቴ፣ ሚሊኒየሙን ከአሁኑ ጀመሩት እንዴ?»

«አርፈህ ጠብቅ፣ አንተ! ልምምድ ነው!»

ስሂን ቡዟ ውስጥ ልትቀበር ደረሰች። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ እትዬ፣ ሰው አየን!»

«ይየና! ድግምት በጓዳ ነው የሚሠራው። እኔ ክላክስ እየተነፋብኝ አደባባይ ወጥቻለሁ። ከወረቀቱ ላይ የማይዘፈን ቃል ካለ በጣትሽ አሳዪኝ።»

ስሂን በጣቷ ተከተለች። ቃሉ ከዘፈኑ ጋር፣ ቀስቱ ከሴትዮዋ እጅ ጋር እኩል ሄደ።

«ቀስቶቹ… እጅ ናቸው?»

«እጅ ናቸው። የማን ቤት መስሎሽ ነበር?»

ስሂን ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም? እኔንስ ተይኝ፣ ባዕድ ነኝ። ሄለንን ለምን አልጠየቅሻትም? ቦርሳው የእሷ ነው። አፍ አላት። ታነብልሽ ነበር!» ማጫወቻውን ዘግተው ፌስታላቸው ውስጥ ከተቱ። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ነው። ሦስት ብዬ አስመዝግቤያለሁ፤ ሁለት ይዤ መድረክ አልወጣም።»

ስሂን መዝጊያውን አነሣችና መኪኖቹን አሳለፈች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በዓይን ኩል ጺም ተስሎለት «ጥላኝ ሄደች» እያለ ደረቱን ይደቃል። አዋቂው በሳቅ ይፈርሳል፤ ግንባሩ ላይ ዶላር ይለጥፍለታል። ይሄ ባህል ነው! ትርጉሙን ኋላ አስጠይቄ እንዳወቅሁት፣ የጃፓኖቹ ዘፈን «በሚያብረቀርቅ ሰማይ ላይ ሁላችሁም ሩጡ» ነው የሚለው። ልጅ የሚያበላሸው ግን የጃፓኖቹ ነው አሉ። ወይ ጉድ!

ወንድሜነህ ማይክሮፎኑን ይዞ ይጣደፋል። «እትዬ፣ በቃ ሁለቱ ይውጡ።»

«ሦስት ናቸው።»

«ሦስተኛዋ የለችማ!»

«ሌላ አስቀድም። ከእኛ ሌላ ማንም እስከማይቀር ድረስ እንጠብቃለን።»

ሁሉም አልቆ ካሜራው ሊነቀል ሲል በሩ ተከፈተ። ስሂን የጋራዡን ሰደርያ እንኳ ሳታወልቅ፣ ቢጫ ሪባን ያሰረችውን ሄለንን እየጎተተች ገባች። የመጣችው ከሥራ በቀጥታ ነው።

ልጆቹ ወጡ። ሲዲው ተከፈተ። መጀመሪያው እንደ ውሃ ወረደ። መሃሉ ላይ ሲዲው ተንተባተበና ጸጥ አለ። ተራው የሄለን ነበር። ቃሉ ጠፋት፤ እጇ አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ሶራ ኖ ኡዌ!»

ስሂን ናት። ቡዝ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰይጣን ስትፈልግበት፣ ያንን ወረቀት በቃሏ ሸምድዳው ኖሯል! ሄለን ተቀበለች፤ ሃኒና ቤዛ ተከተሉ። ያለ ሲዲ ጨረሱት። «ሃሺሬ» ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሳያስበው ያጨበጭብላቸው ነበር። «ቀስቱ ወደ ማን ቤት ነው» ያለችውም ነበረች፤ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ደግሞ ወንድሜነህ ግማሹን ቆርጦት፣ ከሥሩ «የቻይና ዘፈን» ብሎ ጽፎበታል።

ዛሬ ተናኘወርቅን «ለካ ፊደል እያስተማሩልን ነበር» ብለው የሚያመሰግኑ አሉ። ይህም ያናድደኛል። ፊደሉን ባይማሩትስ? ሦስት ልጆች ከአንዲት አሮጊት ጋር አብረው መዝፈናቸው ብቻውን አይበቃም ነበር? ደስታቸውን ለመፍቀድ ደረሰኝ እንጠይቃለን?

እናንት ወላጆች፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከልጃችሁ ቦርሳ የማይገባችሁ ነገር ስታገኙ ስልኩን አስቀምጡት። ለማኅበር ጓደኛ አትደውሉ። ልጅቷን ጥሯት፣ አጠገባችሁ አስቀምጧትና «ነይ፣ አንብቢልኝ» በሏት።