ቢጫ ምልክት ያለው ዓሣ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፍሌሚንግተን በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ከሆኑ ሽማግሌ ጋር በባቡር እየወረድን፣ የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ባሕር ዳር የእንጨት ድልድይ ላይ ሆነን ዓሣ እናጠምድ ነበር። አንድ ቀን ጀርባው ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ ፕላስቲክ የተሰካበት ዓሣ ያዝን። ገና ባልዲ ውስጥ ከመክተታችን አንዲት ፈረንጅ ፈገግ እያለች መጣች። ፈገግታዋ አላማረኝም። የዓሣ ተመራማሪ ነኝ አለች።

«ምንድነው የምትለው?» አሉኝ ጋሼ።

«ዓሣው ከባሕሩ እንዳያልቅ እያጠናን ነው ትላለች። ቢጫ ምልክት ያለው ከያዛችሁ ንገሩኝ ነው የምትለው። የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር ይከታተሉታል።»

«ይከታተሉታል?» ብለው ባልዲውን ከድነው ተቀመጡበት። «ቀበሌም የጀመረን እንዲህ እየሳቀ ነው። ተገርፌ የሰው ስም ያላወጣሁ ሰውዬ፣ በስተርጅናዬ ዓሣ ልጠቁም? አላየንም በላት!»

እኔም ነገሩ ሸቶኝ ስለነበር «አላየንም» አልኳት። ዓሣው ከሥራቸው ይንፈራገጣል። አመስግናን ሄደች፤ ምስጋናዋ ጭራሽ አስጠረጠረኝ።

ዓሣውን አሳልፈን አልሰጠነውም። ማታ ጠብሰን በላነው።