በእትዬ ዘይነባ ፍሪዘር ውስጥ የነበረችን ጥግ

ትናንት ከሥራ ስመለስ የእኔ መስመር ብቻ መብራት ጠፍቶ ቆየኝ። ደረጃው በርቷል፣ ፊት ለፊት ካለው ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ የእኔ ማቀዝቀዣ ግን ጸጥ ብሏል፤ ከሥሩም ቀጭን ውኃ ወደ ወጥ ቤቱ መሐል እየተንፏቀቀ ነበር። ልጄ ለትምህርት ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ለአንድ ሰው በየቀኑ ድስት መጣድ ስለሚታክተኝ፣ እሑድ እሑድ ሩዝ ቀቅዬ በየፌስታሉ እየቋጠርሁ አስቀምጣለሁ። የላይኛውን በር ስከፍተው ፌስታሎቹ አልቧቸው ለስልሰዋል። አንዱን ፈትቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የፎገራ ሩዝ ሲቀልጥ እንደ እርጥብ ገለባ ያለ ሽታ አለው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ከዚያ ሽታ በስተኋላ ዓሣ ይሸተኛል። ዓሣ በቤቴ አልነበረም። የልጅነቴ ሩዝ ከዓሣ ጋር ስላደረ ነው።

ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ሳላውቀው ሞቷል። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር፤ አንድ ሳምንት ጠዋት ትገባለች፣ አንድ ሳምንት ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሳምንት ደግሞ ማታ ገብታ እኛ ለትምህርት ስንነሣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ነጭ ሽበት ተነስንሶባት ትመለሳለች። እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዮናስን ትጠብቀን የነበረችው አክስታችን አግብታ ወደ መራዊ ስትሄድ፣ እናቴ ሥራዋን ልትለቅ ቆረጠች። ማመልከቻውን ጽፋ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ገጾች መሐል አስቀምጣው ነበር፤ ፊደሏን ያረምሁላት እኔው ነኝ። ዐሥር ዓመቴ ቢሆንም ያ ወረቀት ፋብሪካው ከደረሰ ቤታችን እንደማይቆም አውቅ ነበር።

ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ እንዳይወጣ ያደረጉት እትዬ ዘይነባ ናቸው። በራቸው ከበራችን ትይዩ ነው። ባላቸው ጋሽ ኑሩ ጣና ላይ ያጠምዳሉ፤ እሳቸው ዓሣውን አጽድተው ትልቅ ነጭ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡና ይሸጣሉ። ፍሪዘሩ በግቢው ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል፣ ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ሲያጉረመርም ደግሞ ከአምስቱም ቤት ይሰማል። አንድ ቀን እናቴን ጠሩና ዓሣውን ወደ አንድ ወገን ገፋ ገፋ አድርገው፣ «ይቺ ጥግ ያንቺ ናት። የሳምንት ሩዝ ቀቅለሽ አስቀምጪባት፤ ልጆቹ እያሞቁ ይብሉ። ምን ሲባል ነው ሥራ የሚለቀቅ?» አሏት።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ የማንም ሥጋ እዚያ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። የራሳቸው የአረፋ በግ እንኳ ቋንጣ ሆኖ ገመድ ላይ ይሰቀላል እንጂ ክዳኑ አይነሣለትም። እትዬ ዘይነባ፣ «ዓሣና ሩዝ ሃይማኖት የላቸውም፤ እነሱ ይግቡ» ይሉ ነበር።

ሩዝ ማሳደርንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እሑድ እናቴ ትልቁን ብረት ድስት ትጥዳለች፤ ውኃው ተጠንፍፎ ሩዙ ትሪ ላይ ይሰጣል፤ እኔና የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰሚራ፣ እኩያዬም ባልንጀራዬም የነበረችው፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠን በደብተር ሽፋን እናራግባለን። ትኩሱ ከገባ ያልበውና ድንጋይ ይሆናል፤ ውጭ ከቆየም ይበላሻል፤ ስለዚህ ቶሎ በርዶ ቶሎ መግባት አለበት። ከዚያ የአንድ ጊዜ ምግብ የአንድ ጊዜ ምግብ እያደረግን ፌስታል ውስጥ እንጨምራለን፣ አየሩን አስወጥተን በመዳፋችን እንደ ቂጣ እንጠፈጥፈዋለን። ሲወጣ ደግሞ ድስት ውስጥ ፈርፈር ይደረጋል፣ በእጅ ውኃ ይረጭበታል፣ ይከደናል፣ እሳቱ ይቀነሳል፤ ድስቱ ማሾክሾክ ሲጀምር ይወርዳል። አንዴ የሞቀ ተመልሶ አይገባም። ይህን ሁሉ በዐሥር ዓመቴ ስለማውቅ ራሴን ባለሙያ አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ዮናስ ግን እስኪሞቅ መታገሥ አቅቶት የቀዘቀዘውን እንደ ከረሜላ ሲመጥ በተደጋጋሚ ይያዛል። ሁለታችንም ዓሣ ዓሣ እንሸት ስለነበር፣ የክፍሌ ልጆች ድመት ትከተልሻለች እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ያማርራል፤ የእኛ ግቢ ልጆች ግን እልልታ ብቻ ነበር የሚቀረን። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ እትዬ ዘይነባ ዓሣው ሳይበላሽ ከሰል አያይዘው ትልቁን መጥበሻ ይጥዳሉ፣ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል፣ እናቴ የቀለጠውን ሩዝ አሙቃ ታወጣለች፣ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተኮልኩለን እስኪያስጨንቀን እንበላለን። ጋሽ ኑሩ የስንት ቀን ልፋታቸው በአንድ ቀን ሲበላ እያዩ፣ «ብሉ፣ ብሉ፤ ጣና አልደረቀ» ይሉናል።

በዚያ ዓመት ፋሲካ እናቴ ዶሮ ሠራች። ሁለት ወር ሙሉ ጾማ፣ በበዓሉ ቀን ተረኛ ሆና ውላ መጥታ፣ ማዕዱ ሲቀርብ የእሷን ድርሻ እየቆረሰች ለዮናስና ለእኔ አጎረሰችው፤ ለራሷ መረቁን በእንጀራ ጠራረገች። በማግስቱ ከድስቱ አንድ መላላጫና አንድ እንቁላል ከነወጡ አወጣሁና ሩዝ ላይ አድርጌ፣ ክዳኑ በደንብ በማይገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተትሁት። ለዳግማይ ትንሣኤ ላቀርብላት፣ እኔና ዮናስ ጠግበናል ብለን እሷ ብቻዋን እንድትበላው ነበር ሐሳቤ። ከጥጋችን ታች፣ ከሩዙ ፌስታሎች ሥር ደበቅሁት። ሕጉን አልረሳሁትም። የተከደነ ነገር ማንን ይጎዳል ብዬ ነው።

ረቡዕ መብራት ጠፋ፤ ሐሙስም አልመጣ። ከትምህርት ቤት እኔና ሰሚራ አንድ እፍኝ ቆሎ እየተካፈልን ስንመለስ ከሰሉ ተያይዟል፣ እትዬ ዘይነባም እጅጌያቸውን ሰብስበው ፍሪዘሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። እየሮጥሁ ከጎናቸው ደረስሁ። ዕቃዬ ተገልብጧል። የዶሮው ወጥ በዓሣው ላይ ሁሉ ቀይ ሆኖ ወርዷል፤ መላላጫው አንድ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ላይ ተጋድሟል። እትዬ ዘይነባ ወጡን አዩ፤ ቀጥሎ ፊቴን አዩ። ከዚያ፣ «ሂጂ፣ ሳህን አምጪ» ብቻ አሉኝ።

ዓሣውን አጠቡት፣ ጠበሱት፣ ጎረቤቱን ጠሩት። በዚያን ቀን የተጠሩት ክርስቲያኖቹ ብቻ እንደነበሩ ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልነበረም። እናቴ ትሪው ላይ ቦታ እያመቻቸች፣ «እትዬ ዘይነባ፣ ምነው አይቀርቡም? ሰሚራስ?» ስትል፣ እሳቸው ከመጥበሻው ቀና ሳይሉ፣ «እኛ ዛሬ የሱና ጾም ነን። ሐሙስ አይደል?» አሉ። ሰሚራ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ምራቋን ዋጠች። የቆሎው ገለፈት ገና ከንፈሯ ላይ ነበር። «አዎ፣ ጾም ነን» አለችና ወደ ቤት ገባች።

እናቴ፣ «ፈጣሪ ይቀበላችሁ» ብላ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። 

በማግስቱ ፍሪዘሩ ታጥቦ፣ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ዋለ። መብራት ሲመጣ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ክዳኑ ላይ ግን አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጥጋችን ሄደች፤ ጥጋችን ከሄደች እናቴ ሥራዋን ትለቃለች። ከማታ ፈረቃ ገብታ እንደተኛች መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጥሁና ማመልከቻውን ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ሸሸግሁት፤ ወረቀቱ ከሌለ መልቀቅ የማትችል መስሎኝ። እስከ እሑድ ድረስ ወደ ፍሪዘሩ አልተጠጋሁም። ዮናስን በሻይና በዳቦ አቆየሁት፤ ለእናቴ ግን እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሩዝ እንደበላን እነግራት ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት እትዬ ዘይነባ ቧንቧው ዘንድ አገኙኝና እጄን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝ። ከመቀነታቸው ቋጠሮ በሰማያዊ ክር የታሰረች ትንሽ ቁልፍ ፈትተው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ።

«ከእንግዲህ ይኸን የምንከፍት እኔና አንቺ ነን፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ለእናትሽ ብለሽ እንዳረግሽው ገብቶኛል፤ ወላሂ ገብቶኛል። እሷ አልሰማችም፣ ከእኔም አትሰማም። ግን ሙሉዬ፣ ሰሚራ የማትበላው ከሰሚራ ምግብ ጎን አያድርም። እሺ? አብሽሪ፣ አታልቅሺ። በይ የዛሬ ሩዛችሁን አምጪ፤ ወንድምሽ ሦስት ቀን በዳቦ ከሳብሽ።»

ያን ቀን ከመቀጣት ይልቅ መታመን እንደሚከብድ አወቅሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ከዚያ ግቢ እስክወጣ ቁልፏ ከአንገቴ አልወረደችም። እናቴም ጡረታ እስክትወጣ ፋብሪካው ውስጥ ሠራች፤ ያቺን ማመልከቻ ፈልጋ ስትጠይቅ አልሰማሁም።

አሁን ግቢው የለም፤ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሞበታል። ጋሽ ኑሩ አረፉ። እትዬ ዘይነባ ሰሚራን ተከትለው ጎንደር ሄዱና እዚያው ሞቱ፤ እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው፣ ይህም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናቴም ያንን ዓሣ እነማን ሳይበሉ እንዳበሏት ሳላጫውታት አለፈች። ፋሲሎ ሠፈር ያለው የእኔ ቤት ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ አለው። ማንም ሰው እኔ ዘንድ የሚያሳድረው ነገር ኖሮት አያውቅም።

ትናንት ስድስት ፌስታል ሩዝ በሁለት እጄ ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ከፊት ለፊቱ በር ሥር ብርሃን ይታያል። ሦስት ዓመት ጎረቤት ሆነናል፤ ጫማቸውን አውቀዋለሁ፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ስማቸውን ግን አላውቅም። ላንኳኳ እጄን አነሣሁና ምን እንደምል ጠፋኝ። ስሙን የማታውቂውን ሰው፣ ሩዜን እርስዎ ዘንድ ላሳድር ይባላል? ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ቆሜ ተመለስሁ።

በሻማ ብርሃን የጋዝ ሲሊንደሩን ለኩሼ የስድስት ቀን ሩዝ በአንድ ድስት ጣድሁ። ውኃ ረጨሁበት፣ ከደንሁት፣ እሳቱን ቀነስሁ። ቁልፏ ከነሰማያዊ ክሯ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ድስቱ ማሾክሾክ ሲጀምር አወረድሁና በአንድ ሳህን አውጥቼ ተቀመጥሁ። መብራት ጠፍቶ፣ ሩዝ ቀልጦ፣ ብቻዬን ስበላ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።