ፓርቲ ቀይረው ቤት ለቤት ለስድብ የዞሩት ኦቦ ጠሃ

አላመንኩም። ጠዋት «ኦቦ ጠሃ አረፉ» ብለው ሲደውሉልኝ ማስተባበያ እስኪወጣ ጠበቅኩ። የፖለቲካ ሰው ናቸዋ! ስለ እሳቸው የተወራ ነገር ሳይስተባበል ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ያለፈበትን ቀን አላስታውስም።

ዛሬ ግን ዙሁር ሰግደን ቀበርናቸው። ማስተባበያው አልመጣም።

ከተማችንን ሮቤን ለማታውቁ ወዳጆቼ፦ ኦቦ ጠሃ የሂሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። በዚያ ትኩስ ምርጫ በተቃዋሚ ስም ተወዳድረው የክልሉ ምክር ቤት ገቡ። ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ገዢው ግንባር ተሻገሩ። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር አባቴ ፀጉር ቤት ነበር። ግማሽ ራሱን እንደተላጨ ብድግ ብሎ፣ በግማሽ ፀጉር ገበያውን አቋርጦ ቤት ገባ።

ንዴቱ አይፈረድበትም። አባቴ ሐጂ ሙስጠፋ የኦቦ ጠሃ የልብ ጓደኛና የምርጫ ታዛቢያቸው ነበር። ጎሮ ድረስ ሄዶ ኮሮጆ ሲጠብቅ ዋለላቸው። ብዙ ሳይቆይ የገዢው ግንባር ሹሞች የጨርቅ ሱቁን «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» ብለው ወሰዱበት። ልማቱ እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ይሆናል። ኦቦ ጠሃ ሄደው የተቀመጡት እንግዲህ ሱቁን ከወሰዱት ሰዎች ጋር ነው።

ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን ከዚያ በኋላ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። እሳቸው ድምፅ የሰጣቸውን ሰው ቤት ለቤት ዞሩ፤ ሊሰደቡ! በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ ወተት ሳይቀምስ ክፉ አይነገረውም። አባወራው ሊሰድብ ገና አፉን ሲከፍት «ወተቱ ይቅደም፣ ስድቡ ይደርሳል» ይሉታል። ወተት አጠጥተኸው እንዴት ትሰድበዋለህ? ከጎባ እስከ ጊኒር እንዲህ ዞረው ሳይሰደቡ ተመለሱ፤ ኮታቸው ብቻ አልቆለፍ አለ። ከድተው የወፈሩ ብዙ ናቸው፤ በወተት የወፈሩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

የእኛ ቤት ቀረ።

እሮብ ረፋድ ላይ ነው። ጭኮ በልተን ገና እጃችንን አልታጠብንም። ከበር ላይ «አካም ጅርቱ!» የሚል የኦቦ ጠሃ ሰላምታ ሰማን። እናቴ ወደ ወተቱ ስትነሳ አባቴ ቀደማት።

«ተቀመጪ ዘይነባ። ዛሬ ይህ ቤት ጾመኛ ነው።»

«ሁላችሁም?» አሉ ኦቦ ጠሃ።

«ሁላችንም!»

«የሱንና ጾሙ ሰኞና ሐሙስ አይደል እንዴ? እሮብ ምንድነው?»

«ተጨማሪ ነው!»

ኦቦ ጠሃ የአባቴን ጢም አዩት። የጭኮው ቅቤ ያበራል። «አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። «እንግዲያው አብረን እናፈጥራለና!»

ያን ቀን የማፍጠሪያው መግሪብ እንዴት እንደዘገየ አላህ ነው የሚያውቀው። ውኃ ልጠጣ ወደ ጓዳ ስሄድ አባቴ በዓይኑ መለሰኝ። እሳቸው ስለ ስንዴ ዋግ ለብቻቸው ሲያወሩ ዋሉ።

አዛን ሲል እናቴ ቴምርና ወተት አቀረበች። ጾመኛን ማስፈጠር መቼም እምቢ አይባልም። አባቴ ግን የእሳቸውን ኩባያ በመዳፉ ከደነው።

«መጀመሪያ ንገረኝ። ለምን ሄድክ? ለሕዝብ ጥቅም ምናምን እንዳትለኝ።»

መድረክ ላይ ማይክ የማይለቁት ሰውዬ ያነሱትን ቴምር መልሰው አስቀመጡት።

«ፈራሁ፣ ሙስጠፋ» አሉ በመጨረሻ። «ያንተን ሱቅ ሲወስዱ ቀጥሎ የእኔ ቤት ታየኝ። ሱቁን አስመልስለታለሁ ብዬ ደግሞ ራሴን ዋሸሁ። አላስመለስኩም። የማስመልስም አይመስለኝም።»

አባቴ እጁን ከኩባያው ላይ አነሳ። «ጠጣ» አለ።

እውነትም ሱቁ አልተመለሰም። ኦቦ ጠሃ ምክር ቤት ኋላ ወንበር ላይ ሲያጨበጭቡ ቆይተው፣ የሚቀጥለው የእጩ ዝርዝር ሲወጣ ስማቸው የለም። ወደ ጠመኔያቸው ተመለሱ። ዛሬ ቀብር ላይ የሁለቱም ወገን ሰዎች «የእናንተ ሰው እኮ ነበሩ» እየተባባሉ ሲገባበዟቸው ነበር።

«ከሃዲው» የሚለው ስም ግን አልለቀቃቸውም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ በዚያ ስም ሲነሱ አባቴ ይሰማል፤ አንድም ቀን «ተዉ» ሲል አልሰማሁም። ሁለቱ ተደብቀው እንደሚጠያየቁ የምናውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነበርን።

ታዲያ ዛሬ ሼኹ እንደ ደንቡ «በእሳቸው ላይ ሐቅ ያለው፣ የተበደለ ይናገር፣ ወይም ዐፉ ብሎ ይቅር ይበል» ሲሉ ሕዝቡ በሙሉ ወደ አባቴ ዞረ። የሱቁን ነገር የማያውቅ የለማ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔን ሐቅ ድሮ ዐፉ ብዬዋለሁ» አለ። «ፈራሁ ብሎ በአፉ ነግሮኛል። ከሃዲ ስትሉት ታርቀናል ማለት አቅቶኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔም እናንተን ፈርቼ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ዐፉ ብለናል!» አለ፤ ሕዝቡም ተከተለው።

ኦቦ ጠሃ፣ ሮቤ ዛሬ ባንድ ድምፅ ዐፉ ብሎዎታል፤ እንዲህ ያለ ውጤት በየትኛውም ምርጫ አግኝተው አያውቁም። አባቴ ግን ከቀብር ተመልሶ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግባ ስንለው አይሰማንም።

አላህ በምሕረቱ ይቀበልዎ። እርስዎም ሙስጠፋን ዐፉ ይበሉት።