ግማሽ ጸጉር ይዤ ሚስት ልጠይቅ

ታይፎይድ ይዞኝ ጂንካ ቤታችን አልጋ ላይ ስማቅቅ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። አላለቀልኝም። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ፣ ወፍሬ በሽታውን ረስቼው ሳለሁ፣ ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ያስቸግረኝ ጀመር። ትራሴ ላይ፣ ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ፣ የማላገኘው ቦታ ጠፋ። ያኔ በአባቴ ጨርቃጨርቅ ሱቅ ነበር የምሠራው። አንዲት ደንበኛ አቡጀዲው ላይ የተኛ ጸጉሬን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ "ይሄ ምርቃት ነው?" ብላኛለች።

ጸጉሩ ብቻ ቢሆን ችዬ እኖር ነበር። ግን ቀይ አፈር ከተማ ያለች አንዲት ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ "ልጁን ራሱን ልየው" ብለው ቀን ቆርጠዋል። ልጅቷን ከልቤ እወዳታለሁ፤ ስሟ ሲነሣ ጨርቅ አጣምሜ እቆርጣለሁ። አባቷ አይተውኝ "ለዚህ ሽማግሌ ነው ልጄን የምሰጠው?" እንዳይሉ ፈራሁ።

ጂንካ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። እናቴ ዓይን ነው አለች። አባቴ የእናቴ ወንድሞች ሁሉ መላጣ መሆናቸውን አስታወሰ፤ እናቴ የእሱን ወንድሞች ቆጠረችለት፤ ምሳው ሳይበላ ተነሣ። አንዷ ጎረቤታችን በወለደች በጥቂት ወሯ ጸጉሯ እንደረገፈ ነግራኝ፣ "አንተ ግን አልወለድክም" ብላ ተከዘች። ሌላዋ ሹሩባ ሲጠብቅ የግንባር ጸጉር እንደሚነቅል አስረዳችኝና፣ ሹሩባ ተሠርቼ አውቅ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ቆረቆር እንዳይሆን ጸጉሬን ከፋፍሎ አየ፤ ለደም ማነስ የዓይኔን ቆብ ገለበጠ፤ ለእንቅርት አንገቴን ዳሰሰ። በመጨረሻ፣ "ከወራት በፊት ከባድ ትኩሳት ነበረብህ?" አለኝ። ስነግረው ሳቀ። "እሱ ነው። ጸጉር ትኩሳቱ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ተወው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ራሱ ይመለሳል።"

ጊዜ ግን አልነበረኝም። ወደ ጸጉር አስተካካዩ ሄድኩ። እሱ መላ አላጣም፤ ይበልጥ የሳሳው የፊቱ ስለሆነ የፊቱን በምላጭ ብንላጨው ወፍሮ ይበቅላል፣ የኋላው ምን አጠፋ? አለኝ። ጭንቀት ሞኝ ያደርጋል፤ አመንኩት። ከግንባሬ እስከ መሐል አናቴ ላጨና ከኋላ ጎፈሬዬን ተወልኝ። ኮፍያ ደፍቼ በጭነት መኪና ቀይ አፈር ገባሁ።

አባቷ የበና ብሔረሰብ ሰው፣ ጴንጤ ገበሬ ናቸው። ከአጠገባቸው በአባቶቻቸው ወግ የጸኑት ታላቅ ወንድማቸው በርኮታቸው ላይ፣ መቀመጫም ትራስም በምትሆነው ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አባቷ "እንጸልይ" ሲሉ ኮፍያዬን ከማውለቅ ሌላ ምን ላድርግ? ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። አጎቷ ግን የጸሎት ሰው ስላልሆኑ አልጨፈኑም።

"አሜን" እንደተባለ ጣታቸውን ወደ ራሴ ቀሰሩ። በበና ወግ ከፊት ተላጭቶ ከኋላ የሚተወው ከብት የሚዘልበት ቀን የደረሰ ጎረምሳ ነው። በተደረደሩት ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ካላለፈ ሚስት አይጠይቅም። ሽማግሌ እንዳልባል ስፈራ ልጅ ሆኜ አረፍኩት።

"ይሄ ገና አልዘለለም" አሉ አጎቷ። "መጀመሪያ ይዝለል። ሚስት ከዚያ ነው።"

"ታይፎይድ ይዞኝ ነው፣ አባባ።"

"ታይፎይድ ምላጭ ይይዛል?"

አባቷ ሳቃቸውን ለማፈን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አጎቷ ግን አልሳቁም። የቤቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ እንቢ ካሉ ነገሩ አበቃ። ላቤ በተላጨው ግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ገባ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ በላይ ደግሞ እንዳላጣት ፈራሁ።

ይሄኔ ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። ራሴን ከፊት አየችው፤ ዞራ ደግሞ ከኋላ አየችው፤ አልቸኮለችም። ከዚያ እኔም እንድሰማ ጮክ ብላ አጎቷን፣ "ጥሩ፣ ከብቶቹ ይደርደሩለትና ይዝለል" አለቻቸው። "ግን ይሄ ይወድቃል። ወድቆም ቢሆን አገባዋለሁ።"

አጎቷ እሷን አዩ፤ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"እንግዲያው ከብቶቼን ለምን አስደነግጣለሁ?" አሉና ተነሥተው በርኮታቸውን እንድቀመጥበት ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።