አራት ሰው ብቻ የሚያስገባ ኮምፒውተር

ባለፈው ሰመር አንዲት ትልቅ ሴት ከቢሮ አስወጣሁ። አልጮህኩም፣ አልተሳደብኩም፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሳስበው አሁንም ሳቄ ይመጣል።

ቦታው እዚህ ውጭ አገር፣ ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ ያለ የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ነው። ቢሮው ውስጥ አምስት ስክሪን አለ፤ ጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ማውዝ የሚባል ነገር የለም። ስክሪኖቹ የራሳቸው ጭንቅላት የላቸውም። ሁሉም የሚሠሩት ጓዳ ውስጥ ቆሞ እንደ ፍሪጅ በሚያጓራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እሱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አያስገባም። ሦስቱ ነባሮች ጠዋት ከገቡ እስከ ማታ አይወጡም። አራተኛዋ ቦታ የኔና የእትዬ ነበረች።

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው። ሥራውን ያስገኙልኝ፣ በየቀኑ በመኪናቸው የሚያመላልሱኝም እሳቸው። አንሶላ መተኮሻው ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆመው ቀኝ ትከሻቸው አልነሳ ሲል፣ ቢሮ ለአንድ ወር ሙከራ ተሰጣቸው። በወሩ መጨረሻ በቀን ስድሳ የሆቴል ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት ከቻሉ እዚያው ይቀራሉ፤ ካላስገቡ ወደ መተኮሻው።

እኔ ወረቀት ደርዳሪ ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩ ብዙም አያስፈልገኝም። ግን እትዬ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ሲነሱ ሎግ አውት ያደርጋሉ። "ሰው እየጠበቀ ቦታ ይዞ መሄድ ነውር ነው" ይላሉ። እሳቸው በሩ ሳይደርሱ እኔ እገባለሁ! ጣቴ እንዴት እንደሚፈጥን ብታዩ።

"ልጄ፣ ጨረስሽ?"

"ኧረ ገና ነኝ እትዬ። ሲስተሙ ስሎው ነው።"

"እሺ፣ ተረጋግተሽ ሥሪ።"

ስሎው አልነበረም። ስልኬን እያየሁ ነበር። ከነባሮቹ አንዷ፣ አጠገቤ ያለችው ሐበሻ ልጅ፣ በሳቅ ትፈርሳለች፤ "አንቺ እርኩስ፣ ጨረስሻቸው እኮ!"

የሙከራው የመጨረሻ ቀን ሃምሳ ሁለት አስገብተው መድኃኒታቸውን ሊውጡ ተነሱ። ገባሁ። የቀሩትን ስምንት የትእዛዝ ወረቀት ይዘው ከኋላዬ ቆሙ። መውጫ ሰዓት እስኪደርስ ቆሙ። በሰው አስተርጉመው ለአለቃችን መናገር ይችሉ ነበር፤ በልጅ ላይ ማሳበቅ አፈሩ።

በነጋታው አለቃችን እንዳስተረጉም ጠራችኝ። "ስድሳው እንዳልሞላላት ንገሪያት፤ ስለ ልፋቷ ግን አመሰግናለሁ" አለች በእንግሊዝኛ።

"ቀርፋፋ ነዎት ትላለች" አልኳቸው።

እትዬ ፊታቸው ቀላ። "ኮምፒውተሩ እየሞላብኝ ነው በያት፣ የኔ ልጅ። አንድ ሳምንት ብቻ ትጨምርልኝ። ይሄ ትከሻ እዚያ አያሠራኝም።"

ወደ አለቃችን ዞርኩና "እሷም ታመሰግናለች፤ መተኮሻው ይሻለኛል ትላለች" አልኩ።

አለቃችን ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። እትዬ በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

"ገባት?" አሉኝ።

"ገብቷታል።"

ሰኞ በቢሮው መስታወት በኩል አየኋቸው፤ መተኮሻው ጋ እርጥቡን አንሶላ በግራ እጃቸው ብቻ እየጎተቱ ነበር።